ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አልጋ

አልጋችን ስድስት እግር ነበረው። ከዚህ ጀምረሽ ጻፊ። እንግዳ ሲመጣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ሻሂውን ይዞ ያወራል፣ እያወራ ዓይኑ ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። ፊት ሁለት፣ ኋላ አራት። ሾፌር የሆነ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባውና ይስቃል። ሾፌር ያልሆነ ግን አናጢው ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አናጢ የለበትም። የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሰብ ስንኖር ነው፣ በደርግ ጊዜ። አያትሽ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከወደቡ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው፤ ሲታጠብ ነው ባሌ መሆኑን የማውቀው። ቤታችን ሳንቃና ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ውስጡ አይገባም። ኑሮ ሁሉ ግቢ ነው። አልጋውም፣ የገመድ አልጋ ነው፣ ግቢ ይውላል ግቢ ያድራል።

ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ አሰብን ያማታል። ሙቀቱን፣ ጨው ጨው የሚለውን ውሃ፣ ነፋሱን። ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር መቼ ነው የሚገኘው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ወድጃታለሁ፤ ምን ልዋሽሽ። ከወሎ ስመጣ እንደዚያ ያለ ቦታ መኖሩንም አላውቅም። ልብስ አስጥተሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ይደርቃል። ዓሣ ገና እየተንፈራገጠ በር ላይ ይመጣልሻል። ደግሞ ማንም የማን ዘር ነሽ፣ ለምን አልወለድሽም ብሎ አያደርቅሽም፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ለምን አልወለድሽም ያልኩት እሱ ነው ቁም ነገሩ። ከእናትሽ በፊት ሁለት አርግዤ ሁለቱም ሳይቆሙ ቀርተዋል፣ አገሬ እያለሁ። ብዙ አላወራውም። አሰብ ላይ ሦስተኛዋን ሳረግዝ ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት ሆዴን በእጃቸው ዳሰሱና፣ ይቺን እኔ ነኝ የምቀበላት አሉኝ። ከአሰብ አጠገብ የበይሉል ሰው ናቸው፣ አፋር፤ አማርኛቸው ጥቂት ቃል ነው፣ የቀረውን በእጅ ወይም በልጃቸው ነው የምንግባባው። ልጃቸው ወደብ ላይ ጸሐፊ ስለሆነ ከሱ ጋር ሊኖሩ መጥተው ነው። የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የወጣው። በየሁለት ቀኑ ያዩኛል፣ ሆዴን በሰሊጥ ዘይት ያሹኛል፣ ይኼን ብዪ ያንን ተዪ ይላሉ። አምስተኛ ወር ገብቶኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱም አምስት ወር አልቆየልኝም። ታዲያ በልቤ ያሰርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስክወልድ ከእኚህ ሴትዮ አጠገብ ንቅንቅ አልልም።

እንዲህ ባልኩ በሳምንቱ አያትሽ ከመንገድ ሲመለስ ደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀት አጥፎ መጣ። ማንበብ አይችልም፣ እኔም አልችልም፤ ግን ምን እንደሆነ ነግረውታል። አዳዲስ መኪኖች በመርከብ እየመጡ ነው። አሮጌዎቹ አዲስ አበባ ይሰበሰባሉ። አዲሱን የሚነዳው ሰው ፈተና ተፈትኖ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመኪናውን ክፍል ስም በሙሉ ማወቅ አለበት፣ ምን እንደሚሠራም ጭምር። የወደቀ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ጋር አዲስ አበባ ይገባና ጋራዥ ውስጥ ይመደባል። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው።

ከሾፌሮቹ ውስጥ እግዜር በፈተናው ይጣለኝ ብለው የሚጸልዩ ነበሩ፣ ከሙቀቱ ለመገላገል። እኔ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ። አዲስ አበባ ማንን አውቃለሁ?

አያትሽ ደግሞ ተናደደ። ሃያ ዓመት ነድቷል። ጣልያን አለቃው ሥር ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን ማለት ነው፣ ፍሪሲዮኑን፣ ባሌስትራውን በጣልያንኛው ያውቃል፤ ስም የማያውቅለትን ደግሞ በድምፁ ያውቀዋል። መኪናዋ ገና ከሩቅ ዳገት ስትወጣ ሰምቶ የቷ ማርሽ እንደደከማት ይነግርሻል። እና እንዲህ አለ፣ ቃሉን እንዳለ ጻፊው፤

«ሃያ ዓመት ስነዳት መኪናዋ አንድ ቀን ስሜን ጥራ ብላኝ አታውቅም።»

ጸሐፊው ጎረቤታችን፣ የአሮጊቷ ልጅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣና «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ወረቀቱን ያነብልናል። ሲያነብ እንደ ደብዳቤ ነው የሚያነበው፣ ሳይቸኩል። መጀመሪያ የጋቢናው ነገር ነበረ። የአያትሽ አሮጌ መኪና አፍንጫ ያላት ናት፤ ሞተሯ ፊት ለፊት ኮፈን ሥር፣ ጋቢናዋ ከኋላው። አዲሷ ግን ፊቷ ጠፍጣፋ ነው፣ ሾፌሩ የሚቀመጠው ሞተሩ ላይ ነው፣ ሞተሩን ለማየት ጋቢናው እንዳለ ወደ ፊት ይገለበጣል። ይኼን ስሰማ እኔ ሳቅኩ። ቤቱን ገልብጦ ምድጃ የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ ባለ መኝታ ጋቢና ነው ይላል፣ ከወንበሩ ኋላ አልጋ አለው።

ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል ወረቀቱ። ፊት ያለው አክስል፣ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚሸከመው ብረት፣ መሪ ነው፣ ጎማ ይዞ መንገድ ያሳያል እንጂ አይገፋም። ኋላ ያሉት ሁለቱ አንቀሳቃሽ ናቸው፣ እነሱ ናቸው የሚገፉት። በእያንዳንዳቸው መሐል ዲፈረንሻል አለ። አሮጌዋ አንድ ብቻ ነበራት፣ አዲሷ ሁለት። ከካምቢዮው ረጅም ዘንግ ይመጣና ፊተኛውን ዲፈረንሻል ያዞራል፣ ከዚያ አጭር ዘንግ ደግሞ ወደ ኋለኛው ያሻግራል። የተሳቢው አክስል ግን ዝም ብሎ ተጎታች ነው።

ይኼን አሁን እንደ ውሃ የምነግርሽ በኋላ ገብቶኝ ነው። ያኔ ሦስት ቀን ሲነበብ አንድም አልገባኝም። አያትሽማ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ያንቀላፋል። ጸሐፊው አይቆጣም፤ መነጽሩን ያወልቅና፣ ነገ እንደገና ነው ይላል። እንደገና ቢሆን ያው ነው። ሰውዬው ከጆሮ በገባ ቃል አይማርም። በእጁ ካልያዘው አያውቀውም። እኔም እንደሱ ነኝ፣ አንቺም እንደዚያው ነሽ።

በአራተኛው ቀን ልብስ አጥቤ ትልቁን ሳፋ ከአሮጊቷ ጋር ይዘን ወደ ማስጫው ስንሄድ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እንዳይከብደኝ ብለው አንዱን እጀታ እሳቸው ያዙ፣ አንዱን እኔ። የቤቱ ጥግ ጋ ስንዞር እሳቸው ከውስጥ በኩል ናቸው፣ ቀስ ብለው ሁለቴ ረገጡ። እኔ ከውጭ በኩል ስለሆንኩ ስድስቴ ሰባቴ መራመድ ነበረብኝ፣ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። ሳፋው ግን ቀጥ ብሎ ዞረ። አያትሽ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየናል። ጸሐፊው ያነበበው ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ብዙ ይሄዳል፣ የውስጡ ትንሽ፣ ያንን የሚያስማማው ዲፈረንሻሉ ነው ብሎ ነበር።

ሳፋውን አስቀመጥኩና፣ አየህ አይደል፣ ዲፈረንሻል ማለት ይሄ ነው አልኩት። እሱም አየኝ፣ ሳፋውን አየው። ከዚያ ተነስቶ፣ እስቲ እንደገና ዙሩ አለን። አሮጊቷ አማርኛው ብዙም አይገባቸው፣ ግን ዞሩ። ሦስቴ አዞረን። በሦስተኛው ሳቀ፣ ገብቶታል።

አልጋውን የገለበጥኩት ያን ቀን ነው። ልብሱን አነሳሁና በጀርባው አስተኛሁት፣ እግሮቹ ወደ ላይ። ሁለቱ የፊት ጎማ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማ። ሁለተኛው አንቀሳቃሽ አክስል ጎደለ። ከተሰበረ አልጋ የተረፈ ግርጌ ነበረኝ፣ ሁለት እግር ከነወራጁ፣ ከሚያያይዛቸው እንጨት ጋር፤ እሱን ከኋለኞቹ እግሮች ፊት በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ማድቤት ገባሁ። ሙቀጫውን ከፊት አስቀመጥኩት፣ ካምቢዮ ሆነ። ዘነዘናው ከሙቀጫው ወደ ኋላ ተጋደመ፣ ረጅሙ ዘንግ እሱ ነው። ትልቁ ድስት ፊተኛው ዲፈረንሻል፣ ትንሹ ድስት ኋለኛው። በመሐላቸው ልብስ ስዘፈዝፍ የማገላብጥባት አጭር እንጨት፣ አጭሯ ዘንግ እሷ ናት። ከየድስቱ ወደ የእግሩ ማማሰያ ዘረጋሁ፣ መዞሩን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች ናቸው። ጋቢናው የዘይት ቆርቆሮ ነው።

አያትሽ መጀመሪያ ያረመኝ ቆርቆሮውን ነው። መኪና ሆዷን ለሰማይ ከሰጠች ጋቢናዋ መሬት ነው የሚሆነው እንጂ እንዲህ አይቆምም አለ። ልክ ነው። ዝም ብለህ ተማር አልኩት።

አሮጊቷ ሲገቡ አልጋውን እግሩን ሰቅሎ አዩት። የታረደ ፍየል መስሏቸው መሰለኝ፣

«አልጋችሁን ማን አረደው?» አሉ።

ልጃቸው በአፋርኛ አስረዳቸው። ረጅም ጊዜ ነው ያስረዳቸው። ሲጨርስ ድስቱን ብድግ አድርገው ከሥር አዩት፣ መልሰው አስቀመጡትና፣ እራት በምንድነው የምትሠሩት ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። እስከ ፈተናው ድረስ ወጣችንን የሠራሁት በሳቸው ድስት ነው። የተኛነውም ሰሌን ላይ ነው፣ አልጋው መኪና ስለሆነ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሮጠ። ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ስም ይጠራል፣ አያትሽ እየዞረ ይነካል። አንዳንዴ እኔ እንጨቱን እወስድበታለሁ፣ ምን ጎደላት ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ የኋላው አይገፋም፣ አጭሯ ዘንግ ወልቃለች ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ የምናስቀምጥለት ዕቃ አጣን። ወረቀቱ የዲፈረንሻል መቆለፊያ የሚል ነበረው፤ አንዱ ጎማ አሸዋ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስይዝ ነው። ድስት ቁልፍ የለውም። ተውነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ስንጫወት ስንጫወት ስሙን በማድቤቱ መጥራት ጀመርን። እኔ ነኝ የጀመርኩት፣ ይቀላል። ዘነዘናው ድስቱን ያዞራል፣ ድስቱ ማማሰያውን ያዞራል፣ ማማሰያው እግሩን። ጸሐፊው አንድ ሁለቴ፣ እህቴ በወረቀቱ ስም ይሁን ብሎኛል። እሺ እልና እረሳዋለሁ። ደስ ብሎን ነበራ። ከተጋባን እንደዚያ ሰሞን ስቀን አናውቅም።

የፈተናው ቀን ነጭ ሸሚዙን አልብሼ ላክሁት። ወደ እኩለ ቀን ተመለሰ። የራሱን ሸሚዝ እንደለበሰ ነው፣ በብብቱ ግን ሌላ ሸሚዝ ጠቅልሎ ይዟል። ከሰውነቱ አየሁት፤ ወድቋል። ምንም ሳልጠይቀው ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነው። አያትሽ ጌታዬ ብሎ ሰላም ሲለው፣ ጌታ የለም ጓድ በለኝ አለው። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አሳየው፣ መስመርና ክብ ብቻ ነው። አያትሽ ሥዕሉ ውስጥ መኪና ፈልጎ አጣ። ቀጥሎ ወደ አዲሷ መኪና ወሰደው። አጠገቧ አቁሞ በበትር እየጠቆመ ምን ይባላል አለው። አያትሽ ደነገጠ። ቆሞ ሲያያት ጎማ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱ ደግሞ የተማራት ሆዷን ሰጥታ ነው። ስሞቹ ሁሉ ጠፉበት። ምላሱ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

መሐንዲሱ በበትሩ ወደ ዲፈረንሻሉ ጠቁሞ፣ «ይሄስ ጓድ?» አለው።

«ድስት» አለው አያትሽ።

ሌሎቹ ሾፌሮች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ረጅሙን ዘንግ ሲያሳየው ዘነዘና አለ። መሐንዲሱ ሊያላግጥብኝ ነው ብሎ ፊቱ ተለወጠ። አያትሽ በጭንቀቱ መኪናዋ ሥር በጀርባው ገባና፣ ና እዚህ ሆነህ ብታይ እነግርሃለሁ አለው። ሰውዬው ጎንበስ ሲል ትከሻው ግራሶ ነካ፣ ንጹሕ ሸሚዙ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ነገ ጠዋት ስም ዝርዝሩን እሰጣለሁ፣ አንተ ግን ዕቃህን ብታዘጋጅ ይሻላል አለው። አያትሽ ያም ሆኖ ሰው ነው፣ ሸሚዙን አይቶ አዘነ። ይሄን ሚስቴ ታስለቅቅልሃለች አለው። ሰውዬው ሌላ ሸሚዝ ሳያመጣ አልቀረም፣ ግን ነጩ የደኅናው ነው መሰለኝ፣ ጥቂት አንገራግሮ አውልቆ ሰጠው። በጠዋት ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ አለ፣ ቤቱን ጠይቆ።

እኔ ይኼን ስሰማ አያትሽን አልተቆጣሁም። ማንን ልቆጣ? ድስት ያስባልኩት እኔ ነኝ። ሆዴን ይዤ አሮጊቷ ቤት ሄድኩና ነገርኳቸው። ልጃቸው ወደብ ነው፣ የሚያስተረጉም የለም፣ ግን አዲስ አበባ የሚለውን ሰሙ፣ ፊቴንም አዩት። እጄን ያዙና ሆዴ ላይ መልሰው አስቀመጡት።  ተመልሼ ሸሚዙን ማጠብ ጀመርኩ።

ግራሶ በሳሙና ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ በላምባ ነው፤ ጨርቁን ከሥር አድርገሽ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ታሻሻለሽ፣ ወደ ጨርቁ ይወርዳል። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ሳሙና፣ ከዚያ ሎሚ ለሽታው። ሦስቴ አለቀለቅኩት። ማጠቡ ራሱ ልቤን አረጋጋው። ሲደርቅ በከሰል ካውያ ተኮስኩት፣ ኮሌታው እንደ ወረቀት ቆመ። ይሄን ሰውዬ በዚህ እንኳ አላሳፍረውም አልኩ።

በነጋታው በጠዋት መጣ። አጭር፣ ላብ በላብ የሆነ ልጅ ነው፤ ልጅ ማለቴ የኔ ታናሽ ቢሆን ነው። ከበር ላይ ሸሚዜን ለመውሰድ ነው አለ። ግባ አልኩት። አልገባም፣ አውሮፕላን አለኝ አለ። ሻሂ ፈልቷል፣ ሳትቀምስ ከቤቴ አትሄድም አልኩት። በእንደዚያ ያለ ነገር የሚያሸንፈኝ ሰው አልተወለደም። ገባ።

ግቢው ውስጥ አልጋው እንዳለ ነው። ማፍረሱ ትዝ ያለው ሰው የለም፤ ማን ልብ ኖሮት። ሰውዬው ሸሚዙን ተቀብሎ ትከሻውን አገላብጦ እየፈለገ፣ ጥቁሩን ሲያጣው ቀና አለ፤ ቀና ሲል አልጋውን አየ።  ከዚያ ሸሚዙን እንደያዘ ዞረው። ከፊት ዞረው፣ ከኋላ ዞረው። ቁጢጥ ብሎ ማማሰያዎቹን አየ።

«ይሄን ማን ሠራው፣ እትዬ?» አለ።

እኔ ነኝ አልኩት። አያትሽ ከቤቱ ውስጥ ወጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ እንደ ጥፋተኛ። መሐንዲሱ እጁን ትልቁ ድስት ላይ አድርጎ አያትሽን አየው፣ አሁን ነው የገባው መሰለኝ ትናንት ምን እንደተባለ። አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩት። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም። እንዲህ አልኩት፤

«ትናንት አቁመህ ነው የጠየቅኸው። እሱ ተኝታ ነው የሚያውቃት። እዚህ ጠይቀው።»

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። የሻሂውን ብርጭቆ ሙቀጫው ጠርዝ ላይ ሊያስቀምጥ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ካምቢዮው ነው» አለና አነሳው። እኔ ያኔ ነው ትንሽ የተነፈስኩት።

በል ጓድ፣ ከፊት ጀምር አለው። አያትሽ መጣና አልጋው አጠገብ በርከክ አለ። እጁ ሲነካው ምላሱ ተፈታ። የፊት አክስል፣ መሪ፣ አይገፋም። ካምቢዮ። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ። ፊተኛው ዲፈረንሻል፤ ድስቱን ነክቶ ዲፈረንሻል አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ትናንትን ሊክስ። አጭሯ ዘንግ። ኋለኛው ዲፈረንሻል። አንቀሳቃሽ አክስል፣ አንድ፣ ሁለት። አንድም በማድቤት ስም አልጠራም። መሐንዲሱ ትንሹን ማማሰያ አንስቶ ደበቀበትና አሁንስ አለው። የግራ ኋላ አይገፋም፣ ቀኙም አብሮት ይቀራል፣ የፊተኛው ዲፈረንሻል ሁለቱ ብቻ ይገፋሉ፣ ጭነት ካለ ግን ዳገት አትወጣም አለው። ዲፈረንሻሉ ለምንድነው ሲለው አያትሽ እኔን አየኝ። ከዚያ የሳፋውን ነገር ነገረው፣ አሮጊቷ ከውስጥ እኔ ከውጭ፣ እስከ ሩጫዬ ድረስ። ሰውዬው ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ።

የቀረው መቆለፊያው ነው። እሱን ዕቃ አጥተንለት ነው አልኩት፤ አሸዋ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን አያትሽ በደንብ ተናገረ፣ አሸዋን ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል። መሐንዲሱ ዙሪያውን አየ። ጭልፋዬን ከመስቀያው አውርዶ በድስቱ አፍ ላይ አጋደመው፣ ሁለቱን ማማሰያ አንድ ላይ እንዲይዝ አድርጎ። «ይኸው ቁልፉ» አለ። አያትሽ ጭልፋውን አየውና፣ ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ አለው።

መጨረሻ ላይ የጋቢናውን ጠየቀው። ከመገልበጡ በፊት ምን ታደርጋለህ? አያትሽ እንደ ዳዊት ደገመው፤ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ማርሽ ዜሮ አደርጋለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ያለውን ዕቃ አወጣለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ ከፊቷ ሰው አለመኖሩን አያለሁ፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን እፈታለሁ። መሐንዲሱ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ሰረዘ፣ አንድ ነገር ጻፈ። ማንበብ ባልችልም ሰው ሰርዞ ሲጽፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሲወጣ ሸሚዙን እዚያው ቀይሮ ነው የወጣው። ስለ ሸሚዙ ምን ልስጥ ሲል ተቆጣሁት። ሂድ፣ አውሮፕላንህ ያመልጥሃል አልኩት።

አሮጊቷ ከአጥር ወዲያ ሆነው ሁሉንም ሲያዩ ነበር ለካ። ሰውዬው እንደሄደ ገቡ፣ ድስቱን አነሱ፣ እጄ ላይ አስቀመጡት። አሁን የራስሽን ድስት ጣጂ ማለታቸው ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

አዲሷን መኪና በወሩ ተረከበ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለአራስነቴ ቅቤ ገዝቶ በቅል ይዞልኝ መጥቷል፣ ከጋቢናው መኝታ ላይ አስቀምጦ። በራችን ላይ አቆማትና ሞተሩን ለጎረቤቱ ሊያሳይ ጋቢናውን ገለበጠ። ፍሬን ስቧል፣ ማርሽ ዜሮ ነው፣ በር ዘግቷል፣ ፊቷም ሰው የለም። ቅቤውን ነው የረሳው። በዚያ ሙቀት ቀልጦ ውሃ ሆኗል፣ ቅሉ ተገለበጠና የፊት መስተዋቷን በሙሉ አለበሰው። ጸሐፊው ጓደኛው ረጋ ብሎ መነጽሩን አደረገና፣ ወረቀቱ ላይ ነበረ እኮ ወንድሜ፣ ዕቃ ማውጣት ይላል አለው። እኔ ሳህን ይዤ ሮጥኩ። ከመስተዋቱ ላይ በማንኪያ እየጠረግሁ ግማሹን አተረፍኩት። አሮጊቷ ቀምሰው ደህና ነው አሉ።

አልጋውን መልሰን ስናቆመው የታሰረውን ግርጌ ልፈታው ብል አያትሽ አይሆንም አለ። ሚስማር አምጥቶ መታው። ድሮ መሐሉ እየረገበ ወገቤን ያመኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቀጥ አለ፤ እንኳን አንድ ሰው ሦስት ቢተኛበት አይረግብም። ሾፌሮች ሲመጡ በየትኛው ዲፈረንሻል ልቀመጥ እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ደግሞ ፊተኛው ተይዟል፣ ኋለኛው ላይ ይላል።

ከፈተናው በአራት ወሩ እናትሽ ተወለደች። እዚያው አልጋ ላይ፣ በአሮጊቷ እጅ፣ ሲነጋጋ። ምጡ ሲበረታብኝ የያዝኩት ያንን የታሰረውን እግር ነው፣ በሚስማር የተመታውን። አሮጊቷ እናትሽን በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ አያትሽ ከውጭ ሆኖ በደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በደህና ነው አልኩት፤ ግባ፣ ጫማህን ግን አውልቅ። እሱም አዲሷ ጋቢናው ውስጥ ሰው የሚያስገባው ጫማህን አውልቅ እያለ ነው፤ የራሱን ቃል ነው የመለስኩለት።